ሳያጣሩ ወሬ

በቋንቋችን ውስጥ «አሉ» የምትባል አንዲት አጭር ቃል አለች። ከንግግር መጨረሻ ላይ ስትገባ ተናጋሪውን ከኃላፊነት ነጻ ታወጣዋለች። «እገሌ ቤቱን ሸጠ» ያለ ሰው ለነገሩ እውነትነት ዋስ ይሆናል፤ «እገሌ ቤቱን ሸጠ አሉ» ያለ ግን ዋስ አይሆንም። ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፥ «እኔ ምን ላድርግ፤ ሲሉ ሰምቼ ነው» ብሎ ያመልጣል። ማን አለ? መቼ አለ? ያለውስ ሰው በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ እሱም ከሌላ ሰምቶ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰዋስው በምናስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንነግራቸው፥ ይህች ቃል ከአፍ ስትወጣ ቀላል፥ ከሰው ጆሮ ስትደርስ ግን ከባድ መሆንዋን ነው።

ስለዚች ቃል እንድንጽፍ ያነሣሣን በ2011 ዓ.ም. ክረምት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019፥ በካናዳ ሰሜናዊ ምድር የሆነው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ የተወራ ስለ ነበረ ከአንባብያን ብዙዎቹ ያስታውሱታል ብለን እናምናለን። ነገር ግን የምናስታውሰው የሆነውን ነውን ወይስ የተወራውን? ይህን ለመለየት አስቀድመን የታወቀውን በተራ እናስቀምጣለን። የሟቾቹንም የተጠርጣሪዎቹንም ስም አንጠራም፤ ቤተ ሰቦቻቸው ሐዘንተኞች ናቸውና።

ሐምሌ 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር፥ ወደ አላስካ በሚወስደው ረዥም መንገድ ዳር፥ ሊያርድ ከሚባለው ፍል ውሃ አጠገብ፥ አንድ የ23 ዓመት ወጣትና አንዲት የ24 ዓመት ወጣት በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። እሱ አውስትራሊያዊ፥ እስዋ አሜሪካዊት ነበሩ፤ ተዋደው አገር ለማየት የወጡ መንገደኞች ነበሩ። ከአራት ቀን በኋላ፥ ሐምሌ 12 ቀን፥ በዚያው ክፍለ ሀገር በዲስ ሌክ አካባቢ የአንድ የ64 ዓመት ሰው አስከሬን ተገኘ። ይህ ሰው በዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፀዋት የሚያስተምር መምህር ነበረ። ከአስከሬኑ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ የተቃጠለ መኪና ቆሟል። የመኪናው ባለቤቶች ከቫንኩቨር ደሴት የተነሡ፥ አንዱ የ19 ሁለተኛው የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ፖሊስም ሕዝቡም እነዚህን ሁለቱን እንደ ጠፉ ሰዎች ቈጥሮ አዘነላቸው፤ «እነሱንም ሳይገድሉአቸው አይቀሩም» ተባለ። ሐምሌ 16 ቀን ግን ፖሊስ የሚፈለጉት ተጠርጣሪዎች ራሳቸው እነዚህ ልጆች መሆናቸውን ገለጸ። በማግሥቱም በመምህሩ ግድያ ተከሰሱ።

በዚያ ጊዜ ልጆቹ የመምህሩን መኪና ይዘው ወደ ምሥራቅ ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደው ነበር። አልበርታ በሚባለው ክፍለ ሀገር መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሳለ አንድ ሰው ማን እንደ ሆኑ ሳያውቅ ጐትቶ አወጣላቸው። ማኒቶባ ከደረሱም በኋላ በስፕሊት ሌክ የክሪ ነገድ መንደር ኬላ የሚጠብቁ ዘበኞች አስቁመው ፈተሿቸው። መንደሩ መጠጥ እንዳይገባበት የተከለከለ ስለ ነበረ የሚፈተሸው መጠጥ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ገና በፖሊስ ተጠርጣሪ አልተባሉምና አሳለፏቸው። ሐምሌ 15 ቀን ማታ ያ መኪና ጊላም ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ሲቃጠል ተገኘ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ያልቃል፤ የልጆቹም ዱካ በዚያው ጠፋ።

የጊላም አካባቢ ምን ዓይነት ምድር እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ለወሬው መብዛት ምክንያቱ ከምድሩም ነውና። ጊላም 1200 ያህል ሰዎች የሚኖሩባት፥ በኔልሰን ወንዝ ላይ በተሠሩት የኤሌክትሪክ ግድቦች የምትተዳደር ከተማ ናት። ከዊኒፔግ ከተማ በመንገድ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በየብስ ወደ እርስዋ የሚያደርስ አንድ የመኪና መንገድና አንድ የባቡር ሐዲድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህና ወዲያ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን፥ እግር የሚውጥ ረግረግ፥ ወንዝና ኩሬ ነው። በበጋቸው ወራት የትንኙና የዝንቡ ብዛት ሰውን ያሳብዳል። ድብና ተኵላ በደኑ አለ፤ ወደ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ሲጠጉ ደግሞ ነጩ የበረዶ ድብ ይገኛል። እንዲህ ባለው ምድር የገባ ሰው በሕይወት ይኑር ይሙት፥ ሩቅ ይሂድ ቅርብ ይደበቅ፥ ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

ፖሊስ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። የካናዳ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ተሰለፉ፤ የሰውነት ሙቀት የሚያሳይ መሣሪያ ያላቸው አውሮፕላኖች፥ ሰው አልባ አውሮፕላኖችና ውሾች ተሰማሩ። ከ11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ምድር ታሰሰ፤ ይህም የጣናን ሐይቅ ሦስት እጥፍ ያህላል። በጊላምና በአጠገብዋ ባለው በፎክስ ሌክ ከ500 በላይ ቤቶች አንድ በአንድ ተጠየቁ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም ለብዙ ቀን ምንም አልተገኘም።

ፍለጋው ባዶ እጁን በቆየ መጠን ወሬው እየሞላ ሄደ። በጭነት ባቡር ተሳፍረው ከአገሩ ወጥተዋል ተባለ። ኦንታሪዮ ታይተዋል ተባለ። ድብ በልቷቸዋል፤ ወንዝ ወስዷቸዋል ተባለ። የሚያበላቸው ሰው አለ፤ መልካቸውን ለውጠዋል ተባለ። በቴሌቪዥን የበረሓ ኑሮ አዋቂዎች ቀርበው አንድ ሰው በዚያ ደን ውስጥ ስንት ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል፥ ምን በልቶ ምን ጠጥቶ እንደሚያድር ያስረዱ ነበር። በኛም አገር፥ ያን ምድር በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ፥ ቡና እየጠጣ «እኔ ብሆን በዚህ በኩል ነው የምወጣ» ይል ነበር።

ከዚህ ሁሉ ግምት ውስጥ አንዱ ግን ከታሪክ የተቀዳ ስለ ነበረ ልንመረምረው ይገባል። በ1924 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 መጀመሪያ፥ በካናዳ ሩቅ ሰሜን አልበርት ጆንሰን የተባለ አንድ ብቸኛ አዳኝ ነበረ። በራት ወንዝ ዳር ከሠራት ጎጆው አንድ ፖሊስ ሊጠይቀው ቢሄድ በጥይት አቈሰለው፤ ከዚያም ሌላ ፖሊስ ገደለ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ሰባት ሳምንት ያህል ሲሸሽ ቆየ፤ ማንም አያልፈውም የተባለውንም ተራራ በክረምት ተሻገረ። በመጨረሻ በአውሮፕላን ተፈልጎ በየካቲት ወር በንስር ወንዝ ላይ ተገደለ። እውነተኛ ማንነቱም ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖረ። ያን ጊዜ ራዲዮ ገና አዲስ ነገር ስለ ነበረ ሕዝቡ በየቤቱ ተሰብስቦ የሽሽቱን ወሬ በየዕለቱ ይሰማ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. «በረሓ የገባ ሰው አይገኝም» ይሉ ከነበሩት አያሌዎቹ ይህን ሰው ያነሡ ነበር። ነገር ግን ጆንሰን በረዶን የለመደ፥ ወጥመድ አጥምዶ የሚበላ፥ በደን የኖረ ሰው ነበረ፤ እነዚህ ግን ከከተማ የወጡ ልጆች ናቸው። አንድን የተለየ ሰው ለሁሉ መለኪያ ማድረግ የማመዛዘን ጕድለት ነው። ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የጆንሰን ስም በመጽሐፍና በፊልም ሲነሣ ኖሯል፤ በእጁ የሞተውን የኤድጋር ሚለንን ስም ግን ከዚያ አገር ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የሚሸሽ ሰው ታሪክ ይጣፍጣል፤ የተገደለ ሰው ታሪክ ግን በአንድ ቃል ያልቃል።

ከሩቅ ሆኖ መገመት ጕዳት የሌለው ጨዋታ ይመስላል። በዚያ ወር በቤታችን የደረሰው እንዲህ እንዳይደለ ያሳያል። ታላቅ እኅታችን አንድ ወንድ ልጅ በዊኒፔግ አላቸው፤ ሥራው የጭነት መኪና መንዳት ነው። በዚያ ሳምንት ከዊኒፔግ ወደ ሰሜን ቶምሰን ወደምትባለው ከተማ ዕቃ ጭኖ ሄዶ ነበር። ከቶምሰን እስከ ጊላም ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። መንገዱ በጫካ መካከል የሚሄድ ሆኖ በብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም።

ሐምሌ 21 ቀን፥ እሑድ፥ እኅታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንዲት ጎረቤት ደጅ ላይ አግኝታ፥ «ገዳዮቹ አንድ ያገራችንን ልጅ፥ የከባድ መኪና ሹፌር ገድለው መኪናውን ነዱት አሉ» አለቻቸው። ወዲያው ወደ ልጃቸው ደወሉ፤ ስልኩ አይመልስም። ደግመው ደወሉ፤ አይመልስም። እኛ በደረስን ጊዜ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ተቀምጠው አገኘናቸው።

«እትዬ፥ ይህን ማን ነገረዎት?» ብንላቸው፥

«ሁሉም ይለዋል» አሉ።

«ሁሉም ማን ነው?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ አንተ የተማርኸው፥ እስኪ ፈልገህ ንገረኝ» አሉንና ፊታቸውን ሸፈኑ።

እንዳሉትም ፈለግን፤ ፍለጋችን ግን ሰውን ሳይሆን የወሬውን ምንጭ ነበረ። ጎረቤቲቱን ብንጠይቃት ከዘመድዋ ሰምታለች፤ ዘመድዋን ብንጠይቀው በስልክ ካናዳ ካለ ወዳጁ ሰምቷል። ካናዳ ያለውን ሰው በስልክ ብናገኘው በጋዜጣ አንብቦ ነው። ያነበበውም ይህ ነበረ፦ የማኒቶባ ፖሊስ ሐምሌ 19 ቀን በሰጠው መግለጫ፥ ምናልባት አንድ ሰው ማን እንደ ሆኑ ሳያውቅ ተጠርጣሪዎቹን ከዚያ አካባቢ እንዲወጡ ረድቷቸው ይሆናል፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ቢኖር ለፖሊስ ያስታውቅ የሚል ነው። ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር የለም። «ምናልባት» የሚለው ቃል በመጀመሪያው አፍ ጠፋ። «ረድቷቸው ይሆናል» የሚለው «መኪና ላይ ጫናቸው» ሆነ። የጫናቸው ሰው ሹፌር መሆን ነበረበትና ሹፌር ሆነ። ገዳዮችን የጫነ ሹፌር መገደል ነበረበትና ተገደለ። በመጨረሻም እኛ አገር ሲደርስ የሚያስደነግጠን ያገራችን ልጅ ቢሆን ነውና ያገራችን ልጅ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል ሆን ብሎ የዋሸ አንድም ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የጨመረው ጥቂት ብቻ ነበር፤ የጨመረውም «አሉ» እያለ ነው።

ማክሰኞ ጧት ልጁ ራሱ ደወለ። «ጋሼ፥ ምን ሆናችኋል? ስልኬ መልእክት ብቻ ሆኖ አገኘሁት» አለ። ዕቃውን አራግፎ በደኅና ተመልሷል፤ በመንገድ ካየው ነገር ሁሉ የሚያስፈራው ከጫካ የወጣ አንድ ድብ ብቻ ነበር። የሞተ ሹፌርም አልነበረም። እኅታችን ድምፁን ከሰሙ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄን ሳይሞት ሁለት ሌሊት ቀበሩብኝ» አሉ። ጎረቤቲቱን ግን አልተቀየሙም፤ በማግሥቱ ቡና ጠርተዋታል። እኛም ከዚህ ወዲህ በእስዋ ላይ የምንጽፈው የለም፤ ያደረገችውን ከኛ መካከል ያላደረገ አይገኝምና።

በዚያው ክረምት ለማሟያ ትምህርት ከሚመጡት ተማሪዎቻችን ዘንድም ወሬው ሌላ አልነበረም። አንድ ቀን ስለ ጉዳዩ የሚያውቁትን በወረቀት እንዲጽፉ አዘዝናቸው። የሁለቱን ተጠርጣሪዎች ቁመት፥ የለበሱትን ልብስ፥ የነዱትን መኪና ዓይነት በደኅና ጻፉት። የሟቾቹ ቍጥር ስንት እንደ ሆነ ግን ብዙዎቹ ሁለት ብለው ጻፉ፤ መምህሩ ተረስቷል። ወረቀቱን አይተን ይህን ስንነግራቸው ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፥ «ምን ያስተምር ነበር?» ብላ ጠየቀች። «ዕፀዋትን» አልናት። ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ በክፍላችን ስለ ሽሽቱ ሲወራ አልሰማንም።

እንግዲህ የነገሩ ፍጻሜ ምን ሆነ? ነሐሴ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በኛ የፍልሰታ ጾም በሚጀመርበት ዕለት፥ ፖሊስ የሁለቱን ልጆች አስከሬን በኔልሰን ወንዝ አጠገብ በጥቅጥቅ ቍጥቋጦ ውስጥ አገኘ። ቦታው የተቃጠለው መኪና ከተገኘበት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጤነኛ ሰው እግር የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ መሆኑ ነው። ምርመራው እንዳረጋገጠው ሁለቱም በራሳቸው ጥይት ሞተው ነበር፤ ከመገኘታቸው ብዙ ቀን በፊትም ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ፖሊስ ገለጸ። ኦንታሪዮ ደርሰዋል፥ ባቡር ተሳፍረዋል፥ መልካቸውን ለውጠዋል ሲባል፥ እነሱ ከዚያ ቍጥቋጦ አልፈው አልሄዱም።

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ፖሊስ የምርመራውን ውጤት አወጣ። ልጆቹ ከመሞታቸው በፊት ራሳቸውን በቪዲዮ ቀርጸው ሦስቱንም ሰዎች የገደሉ እነሱ መሆናቸውን ተናግረዋል፤ ጸጸት ግን አላሳዩም። ወደ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ወርደው መርከብ ይዘው ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አፍሪካ ለመሻገር አስበው እንደ ነበረም ተናግረዋል። ለምን እንደ ገደሉ ግን አልተናገሩም። ፖሊስ ቪዲዮውን ለሕዝብ አላሳየም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ሌላውን ለተመሳሳይ ክፉ ሥራ ሊያነሣሣና ለገዳዮቹ የፈለጉትን ዝና ሊሰጣቸው ይችላል የሚል ነበር። እኛ ይህን ውሳኔ እናመሰግነዋለን። ሰው የገደለ ጎፈሬ የሚያበጥርበት ዘመን በኛም አገር ነበረና፥ የገዳይ ስም ሲዘፈን ወጣቱን ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን። «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረታችን ሁለቱን ከንቱ ነገሮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያልተጣራ ወሬ አንድን ፈሪ ሰው ሳይዋጋ ጎፈሬ ያስበጥረዋልና። መሣሪያ ያልያዙ መንገደኞችን በጥይት መግደል ጀግንነት አይደለም። በደን ውስጥ ስለ መሰወራቸው ስንደነቅ ግን ሳናውቀው ጀግና እያደረግናቸው ነበር።

ይህን ስንል ሰው ያየውን አይናገር ማለታችን አይደለም። ይህ ጉዳይ ራሱ የሚያስተምረን ምስክርነትና ወሬ ምን ያህል እንደሚለያዩ ነው። በአልበርታ መኪናውን ከጭቃ ያወጣው ሰው፥ የሚፈለጉት እነማን እንደ ሆኑ ሲሰማ ያየውን ለፖሊስ ነገረ። በስፕሊት ሌክ ኬላ የነበሩት ዘበኞችም እንዲሁ አደረጉ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፥ በኔልሰን ወንዝ ላይ ጀልባ የሚነዳ አንድ ያገሩ ሰው በወንዙ ዳር የወደቀ ሰማያዊ የመኝታ ከረጢት ቢያይ፥ ምንም ሳይጨምር ለፖሊስ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ወደ ወንዙ ዞረ፤ በወንዙም ዳር የልጆቹ ዕቃ ተገኘ፤ አስከሬናቸውም ከዕቃው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር።

ምስክርነትም ቢሆን ሁልጊዜ ያገኛል ማለት አይደለም። ሐምሌ 21 ቀን ከዊኒፔግ የመጡ ቤር ክላን የሚባሉ የበጎ ፈቃድ ጠባቂዎች ከጊላም ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በዮርክ ላንዲንግ መንደር ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ሁለት ረዣዥም ሰዎች ሲሸሹ ያዩ መሰላቸው። ወዲያው ለፖሊስ ነገሩ፤ ፖሊስም በአውሮፕላን ደረሰ፤ የመንደሩም ሰዎች በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ሁለት ቀን ያህል ቢፈለግ የተገኘ የለም። እነዚህ ሰዎች ግን ሊነቀፉ አይገባም። ያዩትን፥ ባዩበት ሰዓት፥ ማጣራት ለሚችለው ክፍል ተናገሩ፤ ተጣራም፤ ነገሩም በዚያው ቆመ። ወሬ ግን ማጣራት ወደሚችለው አይሄድም። የሚሄደው ወደሚደነግጠው ነው። ስለዚህ አይቆምም።

በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ልማድ ነበረ። አንድ ተማሪ ከሌላ ደብር መጥቶ ዜማ ሲያሰማ የኔታ መጀመሪያ የሚጠይቁት፥ «ከማን ተቀበልኸው?» ብለው ነበር። ልጁ የመምህሩን ስም ይጠራል፤ መምህሩም ከማን እንደ ተማረ ይታወቃል። ድምፁ ምንም ቢያምር ከማን እንደ ተቀበለ የማይናገር ተማሪ ዜማው አይታመንም። በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተን ሳይንስ ስንማርም ያገኘነው ይህንኑ ነው፤ ማን አየ፥ እንዴት ለካ፥ ሌላውስ ደግሞ ሲለካው ያንኑ አገኘ ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በብዙ ነገር የሚለያዩ መስሎ ይታያል፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው።

ስለዚህ በየቤታችን፥ በተለይም ልጆች በሚሰሙበት ጊዜ፥ ሦስት ቃላትን ለይተን እንናገር፦ «አየሁ»፥ «ሰማሁ»፥ «መሰለኝ»። ያየ ሰው አየሁ ይበል፤ የሰማ ሰው ሰማሁ ብሎ ከማን እንደ ሰማ ይጨምር፤ የገመተ ሰውም መሰለኝ ይበል። መገመት ኃጢአት አይደለም፤ ግምትን እንደ ዕውቀት አድርጎ ማውራት ግን ባልንጀራን ይጐዳል። «ወሬ ቢነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል፤ ተረቱ የሚያዘው ሐሳብ እንድንጨምር ነው፤ ሌላ ወሬ እንድንጨምር አይደለም። በልጅ ስልክ አንድ አስደንጋጭ ነገር በመጣ ቍጥር ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት ይህን መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዛሬ ወሬ በአንድ ጊዜ ለሺህ ሰው ስለሚደርስ ከጥንቱ ይልቅ ያስፈልጋል። የሚሰማውም ሰው፥ ይህ ወሬ ወደማን እናት ቤት ይደርስ ይሆን ብሎ ያስብ።

ሌላም አንድ ነገር እንጨምራለን። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በሰማን ጊዜ ንግግራችንን ከሟቾቹ እንጀምር። ስንት ነበሩ? ከየት መጥተው፥ ወዴት ይሄዱ ነበር? ማን ይጠብቃቸው ነበር? በዚያ በሰሜን መንገድ አገር ሊያዩ የወጡ ሁለት ወጣቶችና ዕፀዋትን ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ሞተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተ ሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥ።